ያረጀች መኪና በራሳችን እጅ፦ የኤሌክትሪክና የውስጥ ክፍል ጥገና

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ወይ ጋራዥ ይመላለሳል፣ ወይ ራሱ ይማራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነን በአዲስ አበባ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት ስንቱን ቤተሰብ ያስተዳደረችው ላዳ ናት። ላዳ ከጣሊያኑ ፊያት 124 ተወስዳ በቶሊያቲ ፋብሪካ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተች መኪና ናት። በካርቡራቶር የሚሠሩት ሞዴሎቿ ኮምፒውተር የላቸውም፤ የኤሌክትሪክ መስመራቸው በዓይን ተከትለውት የሚደረስበት ነው። ለእኛ ለአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ደግሞ በክፍል የተማርነውን በእጃችን የምንፈትሽባት ናት።

እኔም የምጽፈው ከአጎቴ ላዳ ተነስቼ ነው። የአራት ሰው ኑሮ በእሷ ላይ ነው፤ ጋራዥ የዋለችበት ቀን ገቢ የሚባል ነገር የለም። ማታ ማታ መብራቷ እየደከመ፣ ባትሪዋም እየወደቀ ሲያስቸግራቸው አንድ ጋራዥ «ዲናሞው ሞቷል፣ ይቀየር» አላቸው። «ገንዘቡን ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንለካው» አልኳቸው።

1. ከመፍታት በፊት መለካት

ለዚህ ሥራ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም፤ አንድ ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.2 ላይ ከደረሰ ግማሽ ያህሉ አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መታየት አለበት።

የአጎቴ መኪና ሞተሯ ተነስቶ መብራቷ በርቶ ሳለ ባትሪው ላይ 12.9 ብቻ ነበር። እዚህ ላይ ቆሞ «ዲናሞው ነው» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ቴስተሩን ከራሱ ከዲናሞው መውጫና ከቆርቆሮው ላይ ስናደርገው 14.1 አነበበ። እንግዲህ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው፤ 1.2 ቮልት የጠፋው መንገድ ላይ ነው።

2. የተረሳው ማሳ

ብዙ ሰው ቀዩን ሽቦ ይከተላል እንጂ ኩረንት መመለሻም እንደሚያስፈልገው ይረሳል። የመኪና መመለሻው ቦዲው ራሱ ነው፤ ማሳ የምንለው። ሞተሩ ግን በጎማ ትራስ ላይ ስለተቀመጠ ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የተጠለፈ የመዳብ ገመድ አለ። ይህ ገመድ ሲዝግ ወይም ሲበጣጠስ ዲናሞው የሚሰጠው ኃይል በሚገባ ወደ ባትሪው አይደርስም። ሞተሪኖውም በደንብ አያዞርም። አንዳንዴም ኩረንቱ በካርቡራቶሩ የቾክ ገመድ በኩል መንገድ ፈልጎ ገመዱን ያግለዋል።

ፍተሻው ይሄ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሞተሩ ብረት፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ማድረግ። ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር መውጣት ሲገባው እኛ 1.1 አገኘን። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታን፣ አዲስ ገመድ ገዛን፣ የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግን፣ ካሰርን በኋላም ግሪስ ቀባን። ባትሪው ላይ 14.0 ቮልት መጣ። ዲናሞው እስከ ዛሬ ያው ነው።

ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነም ነገሩ አንድ ነው፤ የኋላው መብራት ማሳ ስላጣ ኩረንቱ በሌላው አምፖል ውስጥ ይመለሳል። ይሄ እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም፤ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ልትታጠፉ ነው ወይስ ልትቆሙ አያውቅም።

3. ፊውዝ በሽቦ አይተካም

በላዳ 2101 እና 2106 ላይ የፊውዝ ሳጥኑ ከመሪው በስተግራ ከዳሽቦርዱ ስር ነው። ፊውዞቹ ባለ 8 እና ባለ 16 አምፔር ናቸው። የሚይዛቸው ምላስ ሲዝግ ፊውዙ ሳይቃጠል መብራት ይጠፋል፤ መጥረግና ምላሱን ጠበቅ ማድረግ ይበቃል።

ፊውዙ ደጋግሞ ከተቃጠለ ግን የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ቦዲ ነክቷል ማለት ነው። በፊውዙ ፈንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት ብር መጠቅለል በየሰፈሩ የምናየው ነገር ነው። ኩረንት በእጥፍ ሲጨምር በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ፊውዙ ካልቀለጠ የሚቀልጠው ከሞኬቱና ከስፖንጁ አጠገብ የሚያልፈው ሽቦ ነው። ያን ጊዜ የሚጠፋው መብራት ሳይሆን መኪናው ነው፤ ሰውም ውስጡ ሊኖር ይችላል።

4. ሌሊት ባትሪ የሚበላው

ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጋችሁ በባትሪው ኔጌቲቭና በገመዱ መካከል አስገቡት። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ደህና ነው። ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት ፊውዝ ጥፋተኛውን መስመር ያሳያችኋል። በር ሲዘጋ የማትጠፋ ባለ 5 ዋት አምፖል በቀን 10 አምፔር ሰዓት ያህል ትበላለች። ባለ 55 ባትሪ በሦስት ቀን ከግማሽ በላይ ይጨርሳል። ሞተሩን ግን በዚህ ፍተሻ መሃል እንዳታስነሱ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል።

5. የውስጡ ክፍል

ይህን ከኤሌክትሪክ ጋር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምት ሲገባ በመስተዋቱ ጎማ የሚሰርገው ውሃ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወርዶ የፊውዝ ሳጥኑን ያዝጋል፣ ወለሉንም ይበላል። ስለዚህ ሞኬቱ ሲረጥብ ማድረቅ ብቻ ሳይሆን ምንጩን ፈልጉ። ከዝናብ በኋላ ከረጠበ የጎማው ወይም ከበሩ ግርጌ ያሉት የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች በጭቃ መደፈን ነው። በደረቅ ቀን ከነዳችሁ በኋላ ከረጠበ ግን የማሞቂያው ቧንቧ ነው፤ የራዲያተር ውሃ እየጎደለ ስለሆነ ሞተሩም አደጋ ላይ ነው።

የወረደ የጣሪያ ጨርቅ ሲለጠፍ አሮጌው ስፖንጅ ሙሉ በሙሉ ይፋቅ። ማስቲሽ በሁለቱም ወገን ተቀብቶ በእጅ ሲነካ እስከማይጣበቅ ይቆይ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር ይጫን። በሮቹ ክፍት ይሁኑ፤ ትነቱ ለሳንባም ለእሳትም አደገኛ ነው።

በመጨረሻም ሁሉን በራሳችን እንሥራ እያልኩ አይደለም። ኤርባግ ባላቸው መኪናዎች ላይ የመሪውን ሽቦ መነካካት ለባለሙያ ይተው። ነገር ግን ለክቶ የሄደ ባለመኪና «ዲናሞ ቀይር» ሲባል «የስንት ቮልት አነበባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለአጎቴ ቤት ይህች አንዲት ጥያቄ የወር አስቤዛ አትርፋለች።