በልባችን የተሸሸገው ጥላቻ

«እኔ ማንንም አልጠላም» ማለት ይቀልለናል። እኔም እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. እንዲህ እል ነበር። በዚያ ሰሞን በከተማችን በሐዋሳ በሲዳማና በወላይታ ወገኖች መካከል በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

በ2003 ዓ.ም. በጅማ ዞን በአሰንዳቦና አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ አልቅሰን፣ ስለ ሃይማኖት መቻቻል ብዙ ተናግረን ነበር። የተጎዳነው እኛ ነበርንና ንግግሩ አልከበደንም። የሐዋሳው ግን ከሌላ ሃይማኖት ጋር የመጣ ጠብ አልነበረም። በሁለቱም ሕዝቦች ውስጥ የወንጌል አማኞች እጅግ ብዙ ናቸው፤ አንድ መዝሙር እንዘምራለን፣ ከአንድ ማዕድ እንቆርሳለን።

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርሁት ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። የአይሁድ መምህራን በታልሙድ እንደሚሉት የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ የፈረሰው በጣዖት አምልኮ፣ በዝሙትና በደም ማፍሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ70 የፈረሰው ሁለተኛውስ? ያ ትውልድ ኦሪትን ያጠና፣ ትእዛዙን ይጠብቅ፣ በጎም ያደርግ ነበር። ነገር ግን ያለ ምክንያት ይጠላላ ነበር። መምህራኑ ይህን አንድ ኃጢአት ከሦስቱ ጋር እኩል መዘኑት። ጸሎትና ጾም ለማይጎድልባት ቤተ ክርስቲያን ይህ የሚያስደነግጥ አይደለምን?

እርግጥ ነው፣ ከአይሁድ ወገን ጥላቻ ሁሉ ኃጢአት አይደለም የሚሉም አሉ። ረቢ ሜይር ሶሎቬይቺክ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ናዚዎች ያለውን ፈጽሞ ክፉ ሰው መጥላት ተገቢ ነው፣ ክርስትናም በዚህ ከእኛ ይለያል ብለው ተከራክረዋል። ያ ሁሉ እልቂት ለደረሰበት ሕዝብ በችኮላ መልስ መስጠት አይገባንም። ለእኛ ግን ጌታ በማቴ. 5፥44 ጠላታችንን እንድንወድ አዝዞናል።

ታዲያ መውደድ ዝም ማለት ነውን? አይደለም። ዘሌ. 19፥17 ወንድምን በልብ መጥላትን ይከለክልና እዚያው ላይ መገሠጽን ያዛል። ቤት ያቃጠለ በሕግ ይጠየቅ፤ በመድረክ ላይ ሌላውን ብሔር የሚያንቋሽሽ አገልጋይም ይገሠጽ። መቻቻል የምንለው ብዙ ጊዜ በፈገግታ የተሸፈነ ቂም ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ነው። በዚያው ሰኔ አንዲት እናት ቤቴ ቡና ላይ ስለ ጎረቤቶቻቸው ክፉ ቃል ተናገሩ። እኔ የመጋቢ ሚስት ስኒውን እያቀበልሁ ፈገግ አልሁ። ከሳምንታት በኋላ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ቤታቸው ሄድሁና፣ «እማማ፣ ያን ቀን የተናገሩት ልክ አልነበረም» አልኋቸው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ አንቺም ስቀሽ አልነበር?» አሉኝ።

ስቄ ነበር።