የተረፈ ብር የት ይደር?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ እቁብ የሚጣልባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። እኔ የማውቀው አንዱ በአንዲት ሻይ ቤት ጓሮ ይሰበሰባል። ዳኛው መዝገቡን ከፍተው ይቀመጣሉ፣ ጸሐፊው ብሩን ይቆጥራል፣ ዕጣው ይወጣል። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ዕጣው ለአንዲት ልብስ ሰፊ እናት ወጣ። እልልታው ጋብ ሲል ጎናቸው የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ፣ «እትዬ፣ ምን ሊያደርጉበት ነው?» አላቸው።

«የልጄ የመስከረም ክፍያ ነው፤ እስከዚያ ግን የት ላስቀምጠው?»

መልሱ ከየአቅጣጫው መጣ። ነጋዴው ፌሮ ገዝተው ቢያስቀምጡ እንደሚሻል ነገራቸው፤ ብር ከማስቀመጥ ብረት ማስቀመጥ ይሻላል የሚለው ሐሳብ ከእሱ ብቻ የመጣ አይደለም። ሌላዋ ወርቅ አለች። አንድ ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዶላር አለ። ዳኛው ብቻ «ባንክ ያስገቡት፣ ቢያንስ አይጠፋም» አሉ። ሴትዮዋም የዳኛውን ምክር ሰሙ።

እኔ ግን «አይጠፋም» የሚለው ቃል ሲከነክነኝ ሰነበተ። ብሩ በእርግጥ አይጠፋም። የሚጠፋው የመግዛት አቅሙ ነው፤ በደብተሩ ላይ ስለማይታይም ማንም አይጠየቅበትም።

ነገሩ ብዙ ዓመት የቆየ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ፣ ባንኮች ለቆጣቢ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ያላለፈችበት ነገር የለም፤ የወለዱ ወለል ግን ከ7 ንቅንቅ ሳይል 2017 ዓ.ም. ደረሰ። በመካከሉ፣ በግንቦት 2014 ገደማ፣ ዓመታዊው የዋጋ ንረት 37 በመቶ ነክቶ ነበር።

እስቲ በቁጥር እንየው። በጥቅምት 2010 አንድ ሰው 100,000 ብር በ7 በመቶ አስቀመጠ እንበል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ይወስድ ስለነበር፣ እጁ የሚገባው 6.65 በመቶ ነበር። ወለዱ በወለድ ላይ እየታሰበ ሰባት ዓመት ቢቆይ 157,000 ብር ገደማ ይሆናል። በነዚያው ሰባት ዓመታት የሸቀጦች ዋጋ በአማካይ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ቆጣቢው ከግማሽ የሚበልጠውን የመግዛት አቅሙን አጥቷል። በዶላር ማየት ለሚወድም፣ 100,000 ብሩ ከምንዛሪው ለውጥ ማግስት 3,700 ዶላር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ120 ብር ሲያልፍ፣ 157,000ው ብር 1,300 ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። ይህ ሰው ያጠፋው ጥፋት ቢኖር መቆጠቡ ነው።

ብሩ የት ሄደ? አንዱ መልስ በመንግሥት የብድር ታሪክ ውስጥ አለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት እያንዳንዱ ብድር 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደው ነበር፤ ሰነዱ የሚከፍለው ወለድ መጀመሪያ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ግዴታው በ2012 መጀመሪያ ቢነሳም፣ በርካሽ ቁጠባ ላይ የቆመው አሠራር በአንድ ቀን አልተቃናም። ለቆጣቢ 7 ከፍሎ፣ በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የሚያበድር ባንክ የወለሉ ከፍ ማለት አያስቸኩለውም።

ብዙ ሚሊዮን ያለው ደንበኛ ደግሞ በ7 አይቀመጥም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ፣ ቡና ተጋብዞ፣ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ገንዘቡን በድርድር ወለድ ያስቀምጣል፤ የሚያገኘውም ከወለሉ ብዙ ከፍ ያለ ነው። መደራደር የማይችለው የልብስ ሰፊዋ ዓይነቱ ቆጣቢ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ ብሎ ሲያውጅ፣ ገንዘብ በባንኮች መካከል ከ7 በመቶው ሁለት እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ እንደሚሸጥ በይፋ ተናገረ። በ15 እና በ7 መካከል ያለው ልዩነት ከማን ኪስ እንደሚወጣ መካኒሳ ላይ መጠየቅ አያስፈልግም። ከዚህ ብዙም ሳንርቅ ጀሞ ላይ የቆሙትን የኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች እያዩ፣ ከ2005ቱ ምዝገባ ጀምሮ ለቤት ብለው በየወሩ ቁጠባ ያስገቡ ሰዎች አሁንም አብረውን ይኖራሉ። እነሱ የቆጠቡት ብር ሲቀልጥ የቤቱ ዋጋ ደግሞ ወደ ላይ ሄዷል።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም፤ ሌሎች በምን እንደወጡት ማየት ይጠቅማል።

በአሜሪካ፣ ሕጉ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ወለድ በ5 በመቶ አካባቢ ገድቦ ይዞ ነበር። የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ የተሻለ ይከፍል ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1970 ዝቅተኛው ግዢ ከ1,000 ወደ 10,000 ዶላር ከፍ ስለተደረገ ትንሹ ቆጣቢ ከበሩ ተመለሰ። በዓመቱ ብሩስ ቤንትና ሄንሪ ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ፦ የብዙ ሰዎችን ትንንሽ ገንዘብ ሰብስቦ፣ ትልቁን ሰነድ በጋራ ገዝቶ፣ ወለዱን እንደየድርሻው ማከፋፈል። «ሪዘርቭ ፈንድ» ያሉት ይህ በአሜሪካ የመጀመሪያው የገንዘብ ገበያ ፈንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የዋጋ ንረቱ ከ10 በመቶ ሲያልፍ ሐሳቡ ተስፋፋ። ዛሬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወንድማችን በስልኩ ላይ ባለው የአክሲዮን መገበያያ ሒሳቡ ውስጥ፣ ለጊዜው የማይፈልገውን ዶላር እንዲህ ባለ ፈንድ ያሳድራል። በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. 5 በመቶ ገደማ ያገኝበት ነበር፤ ይህም በዚያ አገር ከዋጋ ንረቱ በላይ ነበር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የቻይናው ነው። አሊፔይ የተባለው የስልክ መክፈያ በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. «ዩዌ ባዎ» የሚባል ፈንድ ጀመረ፤ ትርጉሙ የተረፈ ሀብት ማለት ነው። መነሻው 1 ዩዋን ነበር። ታክሲ ተከፍሎ የተረፈችው ሳንቲም እዚያው ስልክ ውስጥ ወለድ ታፈራለች። ባንኮች ለተራ ተቀማጭ 0.35 በመቶ ሲከፍሉ፣ ፈንዱ በመጀመሪያው ዓመት ከ6 በመቶ በላይ የከፈለበት ጊዜ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ከ1 ትሪሊዮን ዩዋን በላይ ይዞ የዓለማችን ትልቁ የገንዘብ ገበያ ፈንድ ሆነ። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 «ኤም አኪባ» የተባለውን የመንግሥት ቦንድ በስልክ፣ ከ3,000 ሽልንግ ጀምሮ ሸጣለች፤ የገንዘብ ገበያ ፈንዶቿም ከናይሮቢ መምህርና ነርስ ደርሰዋል።

አሠራሩ ለእቁብተኛ ባዕድ አይደለም። እቁብ ላይ ብሩ ተሰብስቦ በተራ ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ እዚህ ግን ተሰብስቦ ለመንግሥትና ለባንክ ለአጭር ጊዜ ይበደራል፣ ወለዱም በየቀኑ እየታሰበ ለሁሉም ይደርሳል። የእኛ የግምጃ ቤት ሰነድ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ነው። ፈንዱ የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሰነዶች ስለሚይዝ ሁልጊዜ የሚበስል አለ፤ ገንዘቤን መልሱልኝ ያለ ሰው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያገኛል። የእቁቡ ዳኛ እዚህ የፈንድ አስተዳዳሪ ይባላል፤ ብሩና ሰነዱ ግን እሱ ጋ አይቀመጡም። በሌላ ጠባቂ ተቋም እጅ ይሆናሉ፤ አስተዳዳሪው ቢከስር እንኳ ገንዘቡ የቆጣቢው ነው። ይህ መለያየት ከወለዱ መጠን በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር ይመስለኛል።

ታዲያ እኛ ጋ ምን አለ? ብዙዎች እንደሚያስቡት ከዜሮ አንነሳም። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አክሲዮን ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ ቆመ። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ባዶ ሆነ። በ2012 መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነዱን በጨረታ፣ በገበያ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ወጣ፤ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድንም በሕግ አወቀ። ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ቴሌብር ደግሞ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው፤ ከ2014 ጀምሮም ከዳሸን ባንክ ጋር «ሳንዱቅ» በሚል ስም በስልክ ያስቆጥባል፤ ወለድ ለማይፈልግም ከወለድ ነፃ አማራጭ አለው። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ አንድ ድልድይ ነው።

የኢትዮ ቴሌኮም የአክሲዮን ሽያጭ ስለዚህ ድልድይ አንድ ትምህርት ትቶልናል። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 ድረስ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር በቴሌብር ለሕዝብ ቀረበ። ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን፣ የገዛውም 47,377 ሰው ነው። ሕዝቡ ገንዘብ የለውም፣ ወይም ገበያ አይገባውም ያሉ ነበሩ። እኔ አልስማማም። ስለ አክሲዮኑ ከሻይ ቤቱ ሰዎች ጋር ስናወራ የሰማሁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ብፈልግ መልሼ ለማን እሸጠዋለሁ? ለመስከረም የሚያስፈልግ ብር አክሲዮን ውስጥ አይገባም፣ መግባትም የለበትም። ቴሌብር አክሲዮን መሸጥ ከቻለ፣ ከአክሲዮን በፊት ሊቀርብ የሚገባውን ቀላሉን ነገርም ማድረስ ይችላል። ወደ ካፒታል ገበያ የሚያስገባው የመጀመሪያው ደረጃ ብርን ለአምስት ወር የሚያሳድር ፈንድ መሆን ነበረበት፤ እኛ ግን ከላይኛው ደረጃ ጀመርን።

ስጋቱን ደብቄ አላልፍም። ሪዘርቭ ፈንድ ራሱ በመስከረም 2008 እ.ኤ.አ. ሌማን ብራዘርስ ሲወድቅ የዚያን ኩባንያ ሰነድ ይዞ ተገኘ፤ ደንበኞቹም አንድ ዶላራቸው 97 ሳንቲም ሆነ ተባሉ። የአሜሪካ መንግሥት ለገንዘብ ገበያ ፈንዶች ዋስ ከሆነ በኋላ ነው ሽብሩ የቆመው። እኛ ጋ ባንክ ውስጥ ያለ ተቀማጭ በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ድረስ ተሸፍኗል፤ ፈንድ ውስጥ የገባ ብር ግን ተቀማጭ አይደለም፣ ይህ ሽፋንም የለውም። ይህን ሳይነግር ቆጣቢን የሚያስፈርም ሁሉ ሊቀጣ ይገባል። በቴሌግራም በወር እጥፍ እንከፍላለን እያሉ ከዚሁ ሰፈር ብር የሰበሰቡ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ተጎጂዎች «ፈንድ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ መጀመሪያ የሚመጣባቸው ያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ፈንዶች የመንግሥት ሰነድና የታወቁ ባንኮች የአጭር ጊዜ ተቀማጭ ብቻ ቢይዙ፣ የያዙትንም በየወሩ በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ቢያሳውቁ ይሻላል። ትርፉ በጥቂቱ ቢቀንስም እምነት ይገነባል።

የ7 በመቶው ወለል ደግሞ ለብቻው ይታይ። የዋጋ ንረቱ በ2017 ወደ 13 እና 14 በመቶ ወርዶ ነበር፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በ14 በመቶ ንረት 7 የሚከፈለው ሰው ግን ያኔም ይከስር ነበር። ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ገንዘብን በ15 በመቶ ከተመነ፣ ለቆጣቢውም ይህንኑ የሚከተል ወለል ማውጣት ይችላል፤ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ከዋጋ ንረቱ ጋር አነጻጽሮ ማሻሻል ይችላል። ባንኮች ይጎዳሉ የሚለውን ክርክር ሰምቻለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ የተጎዳው ግን ሌላ ወገን ነው።

መስከረም ሲደርስ ልብስ ሰፊዋን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ ጨምሮ ነበር፤ ከባንክ ያወጡት ብር ከነወለዱ አልሞላላቸውም። ቀሪውን ከእቁቡ ዳኛ ተበድረው ከፈሉ። «ዳኛው ደግ ሰው ናቸው» አሉኝ፤ ባንኩን ግን አልወቀሱም፣ መውቀስ እንደሚገባም አላሰቡም።

ለካፒታል ገበያ ባለሥልጣን፣ ለብሔራዊ ባንክና ለኢትዮ ቴሌኮም የማቀርበው ልመና አጭር ነው። የፈንዱን መነሻ 100 ብር አድርጉት፤ በቴሌብር ይገባ፣ በቴሌብር ይውጣ፤ ወለድ ለማይፈልግም መንገድ ይኑረው። የሚቀጥለው የመካኒሳ አቦ ዕጣ እሑድ ይወጣል።