ያውቁ ኖሯል? ሜዲካሉን ያላደሰ አብራሪ አይበርም

ከጅጅጋው ገራድ ዊልዋል አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ቦሌ ሲበሩ፣ ከፊት የተቀመጡት ሁለቱ አብራሪዎች ከማብረር ፈቃዳቸው ሌላ የጸና የጤና ብቃት ማረጋገጫ ሊኖራቸው ግድ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የሙያው ሰዎች በአጭሩ “ሜዲካል” ይሉታል። የሜዲካሉ ቀን ካለፈ የሃያ ዓመት ልምድ ያለው ካፒቴን እንኳ መሪ አይጨብጥም።

ሜዲካል ሦስት ደረጃ እንዳለውስ? አንደኛው ሰውና ጭነት በክፍያ ለሚያጓጉዙ አብራሪዎች ነው። ሁለተኛው ለግል አብራሪዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች። ማማ ላይ ተቀምጦ አውሮፕላን የሚያስተናግደው ባለሙያም ዓይኑን፣ ጆሮውንና ልቡን እንደሚመረመር ብዙ ሰው አያስብም።

በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በኢካኦ ደረጃ መሠረት አንደኛው ደረጃ ሜዲካል የሚያገለግለው ለ12 ወር ነው። አብራሪው 60 ዓመት ካለፈው ወደ 6 ወር ይወርዳል። መንገደኛ ጭኖ ብቻውን የሚያበር ከሆነ ግን የ6 ወሩ ቀጠሮ የሚጀምረው ከ40 ዓመቱ ነው። የግል አብራሪ 60 ወር ይሰጠዋል፤ ከ40 በኋላ 24፣ ከ50 በኋላ ደግሞ 12 እንዲሆን ይመከራል። ተቆጣጣሪው ከ48 ወር ተነስቶ በእነዚሁ ዕድሜዎች በዚሁ መልክ ወደ 24 እና 12 ይወርዳል። 65 ዓመት የሞላው አብራሪ ደግሞ ምርመራው ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን በዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ላይ መሥራት አይችልም።

የአብራሪ ጤና በዓለም አቀፍ ስምምነት መደንገግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ ነው። ዛሬ የሚሠራበት የኢካኦ ደረጃ መጀመሪያ የጸደቀው ሚያዝያ 14 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ድርጅቱ በተወለደበት የ1944ቱ የቺካጎ ጉባኤ ላይ ከተገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

መነጽር ማድረግ ከአብራሪነት እንደማይከለክል ያውቁ ኖሯል? ይህን የሚነግረው አጥቶ ገና በትምህርት ቤት ሳለ ተስፋ የሚቆርጥ ልጅ መኖሩን ሳስብ ያሳዝነኛል። የአንደኛው ደረጃ መስፈርት እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 እንዲያዩ ነው፤ በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር። 6/9 ማለት ጤናማ ዓይን በ9 ሜትር የሚያነበውን በ6 ሜትር ማንበብ ነው። ቁምነገሩ፣ በመነጽር የሚያበር ሰው ተጨማሪ መነጽር በእጁ አቅራቢያ ሊኖረው ግድ ነው።

ቀለም መለየት ላይ ግን ነገሩ ይጠብቃል። በነጠብጣብ የተሞሉትንና በውስጣቸው ቁጥር የተደበቀባቸውን ሰሌዳዎች ያዘጋጀው ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ ሲሆን፣ ያሳተማቸውም እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እስከ ዛሬም ይሠራባቸዋል። ቀይና አረንጓዴን ያለመለየት ችግር በአብዛኛው የሚወረሰው በእናት በኩል ነው፤ እናትየው ራሷ ቀለም በደንብ እየለየች ለወንድ ልጇ ልታስተላልፈው ትችላለች። ልጁ አብሮት ስለተወለደ ችግር እንዳለበት ሳያውቅ ሊያድግ ይችላል።

ጆሮስ? በ500፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል በላይ፣ በ3000 ኸርዝ ከ50 ዴሲቤል በላይ የመስማት ጉድለት መኖር የለበትም። አንደኛ ደረጃ ሜዲካል ያለው አብራሪ እስከ 40 ዓመቱ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ በመሣሪያ ይለካል።

የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢ.ሲ.ጂ. የሚባለው፣ ለአንደኛ ደረጃ ሜዲካል ከ30 እስከ 50 ዓመት ባለው ጊዜ በየሁለት ዓመቱ እንዲደረግ ይመከራል። ከ50 በኋላ በየዓመቱ ግዴታ ነው።

የሽንት ምርመራም አይቀርም። እንደ ጅጅጋ፣ እንደ ደምበልና እንደ ሽኒሌ ባለ ደረቅ አገር ላደገ ወጣት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙቀትና ውኃ አለመጠጣት የኩላሊት ጠጠርን ያበረታታሉ፤ ጠጠር የተገኘበት አብራሪ ደግሞ ታክሞና ተመርምሮ ነጻ እስኪባል ድረስ ከበረራ ይታገዳል። የጠጠር ሕመም በድንገት ይነሳል፤ ሲነሳም ሰው ቀጥ ብሎ መቀመጥ ያቅተዋል።

ለአብራሪ ቡና እንደሚፈቀድና ጫት እንደማይፈቀድስ ያውቁ ኖሯል? ኢካኦ አእምሮ ላይ የሚሠሩ ነገሮችን ሲዘረዝር አልኮልን፣ ካናቢስን፣ ማስተኛ መድኃኒቶችን፣ ኮኬይንንና ሌሎች አነቃቂዎችን ያነሳል፤ ቡናና ትምባሆን ግን በስም ጠርቶ ከዝርዝሩ ያወጣቸዋል። የጫት ዋና አነቃቂ የሆነው ካቲኖን በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት ሰንጠረዥ አንድ ውስጥ ተመዝግቧል። ከአወዳይ የተነሳው መኪና በጅጅጋ አድርጎ ወደ ቶጎ ጫሌ የሚሮጠውም ቅጠሉ በጠወለገ ቁጥር ካቲኖኑ ስለሚቀንስ ነው። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ በማግስቱ ያደክማል። አገራችን ውስጥ በሕግ አለመከልከሉ በአብራሪ ክፍል ውስጥ ማንንም አያድንም። የከሰዓት በርጫ የተለመደ ማኅበራዊ ኑሮ በሆነባቸው ከተሞቻችን የሚያድግና መብረር የሚመኝ ልጅ ይህን ከአሁኑ እንዲያውቅ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ስለ ደም ግፊት ካነሳን፦ በአውሮፓ ሕግ ግፊቱ በተከታታይ ሲለካ ከ160 በ95 የሚበልጥ አብራሪ ብቁ አይባልም። በተፈቀደ መድኃኒት ከተስተካከለለት ግን ወደ ሥራው መመለስ ይችላል።

ከፋርማሲ የሚገዛ ተራ የሚመስል ክኒን ከበረራ እንደሚያስቀር ያውቁ ኖሯል? እንቅልፍ የሚያመጣውን የአለርጂ መድኃኒት ዳይፈንሃይድራሚን የወሰደ አብራሪ 60 ሰዓት እንዲቆይ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያዝዛል። ለወባ መከላከያ የሚሰጠውን ሜፍሎኪንን ደግሞ ለአብራሪ ጨርሶ አይፈቅድም፤ ማዞርና የአእምሮ መታወክ ስለሚያስከትል።

ጉንፋንም ቀላል አይደለም። ከፍ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ብዙውን ጊዜ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ ተነስተው 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ሲያርፉ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጆሮን ከጉሮሮ የሚያገናኘው ቱቦ በጉንፋን ከተዘጋ ታምቡሩ እስከ መቀደድ ይደርሳል። በነገራችን ላይ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚተነፍሰው አየር በረራ ላይ ካለው ብዙ አይለይም።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ለዚህ ማዕረግ የበቁት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ሴት አብራሪዎችን ካነሳን፣ ነፍሰ ጡር አብራሪ እርግዝናዋ ጤናማ ከሆነና ሐኪም ከተከታተላት ከ12ኛው ሳምንት መጨረሻ እስከ 26ኛው ሳምንት መጨረሻ መብረር እንደምትችል ያውቁ ኖሯል?

ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ በኢካኦ ደረጃ ብቁ አይደለም። ብሪታንያ ግን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥብቅ ክትትል ለአንዳንዶች መፍቀድ ጀምራለች። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለ ሰው ደግሞ ተመርምሮ ሁኔታው ሥራውን እንደማያውክ ከተረጋገጠ ሊፈቀድለት ይችላል።

ሜዲካል ሁሉን አያይም። ሰኔ 18 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. ለንደን አጠገብ የወደቀው ትራይደንት አውሮፕላን 118 ሰው ገድሏል። መርማሪዎቹ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ያነሱት የተለመደው ምርመራ ያላሳየውን የካፒቴኑን የልብ ደም ሥር ሕመም ነው። ብዙ አገሮች የሚመሩበት “የአንድ በመቶ ደንብ” የሚባል አሠራርም አለ፤ አንድ አብራሪ በአንድ ዓመት ውስጥ በድንገት ራሱን የመሳት ዕድሉ ከአንድ በመቶ በታች ከሆነ፣ አጠገቡ ሌላ አብራሪ እስካለ ድረስ እንዲበር ይፈቀድለታል። ካፒቴኑና ረዳቱ የተለያየ ምግብ እንዲበሉ ብዙ አየር መንገዶች የሚያዝዙትም በዚሁ ጥንቃቄ ነው።

የተደበቀ ሕመም ግን ከሁሉ ይከፋል። መጋቢት 24 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ሲበር ረዳት አብራሪው ሆን ብሎ ከተራራ ጋር አጋጨው፤ 150 ሰው አለቀ። ከቤቱ ተቀዶ የተገኘው የሐኪም ወረቀት በዚያ ቀን ሥራ እንዳይገባ የሚያዝ ነበር፤ አሠሪው ግን አላወቀም። አውሮፓ ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሥነ ልቦና ግምገማ እንዲደረግላቸው ደነገገች። በኢካኦ ደረጃ፣ አብራሪ ለሐኪሙ የውሸት ቃል ከሰጠ ሐኪሙ ለፈቃድ ሰጪው ማሳወቅ አለበት፤ በዚያው ልክ የአብራሪው የሕክምና ምስጢር እንዲጠበቅ ያው ደረጃ ያስገድዳል። ሁለቱ አብረው መኖራቸው ተገቢ ነው እላለሁ። ጭንቀቱን ወይም እንቅልፍ ማጣቱን የተናገረ ሰው እንጀራው ወዲያው እንደሚቋረጥ ከፈራ ዝም ይላል፤ ዝም ያለ አብራሪ ደግሞ አይታከምም።

ሜዲካሉ በኪሱ ገና ስድስት ወር የቀረው አብራሪ እንኳ ጤናው መጓደሉን ካወቀ በዚያ ቀን መብረር እንደማይችልስ?

እድሳቱ እንዴት ነው? በጅጅጋው ካራማራ ሆስፒታል ወይም በሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ሆስፒታል የሚሠራ ጎበዝ ስፔሻሊስትም ቢሆን በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ካልተሰየመ ሜዲካል መፈረም አይችልም። መርማሪው ሐኪም ሪፖርቱን ያቀርባል፤ በፈቃድ ሰጪው በኩል ያለ ሌላ የሕክምና ገምጋሚ ደግሞ ያየዋል። የሚያበቃበት ቀን በየዓመቱ ያው እንዲሆን ማድረግ ይመከራል። ፈቃድ ሰጪው ካመነበት እስከ 45 ቀን ማራዘም ይችላል። ከምርመራ ጣቢያ ርቆ ለሚሠራ የንግድ አብራሪ ምርመራው በተከታታይ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለሦስት ወር፣ ሊዘገይለት ይችላል፤ ይህም በዚያው አካባቢ ያለ ሐኪም መርምሮት ደህና ነው ካለ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮቪድ ምርመራ ሲያስተጓጉል ብዙ አገሮች ጊዜውን በልዩ ሁኔታ አራዝመዋል።

አንድ ጊዜ “ብቁ አይደለህም” የተባለ ሁሉ እንዳበቃለት አይቁጠሩት። የኢካኦ ደረጃ ራሱ፣ በባለሙያዎች ድምዳሜ የበረራ ደህንነት እንደማይጎዳ ከታመነበት፣ መስፈርት ላላሟላ ሰው መፍቀድ ይቻላል ይላል። ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በአውሮፕላን የዞረው አሜሪካዊው ዋይሊ ፖስት እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን ያደረገው በአንድ ዓይኑ ነው። የጠፈር ተመራማሪው ዲክ ስሌተን በልብ ምት መዛባት በ1962 ታግዶ በ1972 ተፈቀደለት፤ በ1975 በ51 ዓመቱ ጠፈር ወጣ።

ልጅዎ አብራሪ መሆን ከፈለገ ለሥልጠና ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የአንደኛ ደረጃ ሜዲካል ምርመራ ያስደርጉለት። ሁለተኛው ደረጃ ለግል በረራ ያበቃዋል እንጂ በአየር መንገድ አያስቀጥረውም። እስከዚያው የዓይን፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የሽንት ምርመራ ጅጅጋ ላይ ማስደረግ ይችላሉ፤ የቀድሞ ሕክምና ወረቀቶቹንም ሰብስበው ያስቀምጡ፣ መርማሪው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለነበረ ሕመም ነውና።