በቻይና ተጽዕኖ ፈጣሪዎች አማካይነት ስለ መሸጥ፤ ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ነጋዴዎች

የኢትዮጵያ ቡና በጃንዋሪ 2022 በቻይና የቀጥታ ሥርጭት ገበያ ቀርቦ 11,200 ከረጢቱ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ተሸጦ ማለቁ ተነግሯል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህን የሰማ ነጋዴ፣ «እኔስ የአንድ ታዋቂ ቻይናዊ አንደበት ተከራይቼ ዕቃዬን ብሸጥ» ብሎ ማሰቡ አያስደንቅም። አሳቡም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከምዕራብ ጎጃም ተነሥቶ ይህን መንገድ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ገበያ ቤጂንግ ወይም ሻንግሃይ ሳይሆን፣ ከአገራቸው ወጥተው በእኛው አገር የሚኖሩት ቻይናውያን መሆናቸውን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ የሴኮንዶቹን ነገር እንመልከት። በሜይ 2020 በቻይና የሩዋንዳ አምባሳደር የነበሩት ጄምስ ኪሞንዮ፣ ቪያ ከተባለች ዝነኛ ሻጭ ጋር በሥርጭት ቀርበው 3,000 ከረጢት የሩዋንዳ ቡና በአንድ ሴኮንድ ተሸጦ ነበር። ክብደቱ ሲታሰብ ግን አንድ ተኩል ቶን፣ ማለትም 15 ኩንታል ነው። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ የሚወጣ አንድ አይሱዙ ከዚህ እጥፍ በላይ ያነሣል። እንዲህ ባለው ሽያጭ ዕቃው አስቀድሞ ቻይና ገብቶ፣ ታሽጎና ዋጋው ተቆርጦ በመጋዘን ይቆያል፤ ገዢውም ስልኩን ይዞ ሰዓቱን ይጠባበቃል። ሴኮንዱ የሚቆጠረው የብዙ ወራት ሥራ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

ቻይናውያን እንዲህ ያለውን ተጽዕኖ ፈጣሪ «ዋንግ ሆንግ» ይሉታል። «ዋንግ» መረብ፣ «ሆንግ» ደግሞ ቀይ ማለት ሲሆን፣ ቀይ መሆን በእነርሱ አነጋገር መታወቅንና መወደድን ያመለክታል። ከእነዚህ መካከል በሚሊዮን የሚቆጠር ተከታይ ያላቸው ሻጮች አሉ፤ ጥቂት ሺህ ተከታይ ብቻ ኖሮት የበላውንና የገዛውን ለወዳጆቹ የሚናገር ተራ ሸማችም አለ። ትልልቆቹ ከነጋዴው ቋሚ ክፍያ፣ ከሽያጩም ላይ መቶኛ፣ በዚያም ላይ ከፍ ያለ የዋጋ ቅናሽ ይጠይቃሉ። ንግድን በአንድ ሰው ስም ላይ መጣልም ያሠጋል። ቪያ በዲሴምበር 2021 በግብር ስወራ ምክንያት 1.34 ቢሊዮን ዩዋን እንድትከፍል ተወስኖባት ገጾቿ ተዘጉ። ሊ ጂያቺ የተባለው ሌላው ዝነኛ ሻጭም በጁን 2022 ሥርጭቱ በድንገት ተቋርጦ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ ሳይታይ ቆየ። በዚያ ጊዜ ዕቃውን ለእነርሱ ብቻ አዘጋጅቶ የነበረ ነጋዴ ምን እንደ ደረሰበት አንባቢ ያስበው።

የቅርቡ ገበያ ግን ይህን ያህል ወጪ አይጠይቅም። በአዲስ አበባ፣ በዱከም የኢንዱስትሪ ዞን፣ እንዲሁም በየግንባታው ሥፍራ ቻይናውያን መሐንዲሶች፣ ነጋዴዎችና የምግብ ቤት ባለቤቶች ይኖራሉ። ከአገሩ የወጣ ቻይናዊ የአገሩን መገናኛ ይዞ ይወጣልና፣ የእኛ ማስታወቂያ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ብዙ ጊዜ አይደርሰውም። ወሬ የሚለዋወጠው በዊቻት ነው። ምን መግዛትና የት መብላት እንደሚሻል የሚፈልገው ደግሞ ሺያዎሆንግሹ በተባለው መድረክ ላይ ነው፤ ይህም መድረክ በ2013 በሻንግሃይ ሲመሠረት ሥራውን የጀመረው ወደ ውጭ አገር የሚጓዙ ቻይናውያን ስለሚገዙት ዕቃ ምክር በመስጠት ነበር። ዶዪንና ቲክቶክ የአንድ ኩባንያ ቢሆኑም መድረኮቻቸው የተለያዩ ስለሆኑ፣ በአንዱ የወጣ ሥዕል በሌላው አይታይም። ይህን ባለመለየት በቲክቶክ ላይ ለቻይናውያን ተብሎ የሚወጣ ገንዘብ ያሳዝናል።

ስለዚህ ለሥራው የሚመረጠው ሰው በአዲስ አበባ የሚኖር፣ ሰው የሚያምነው፣ ተከታዮቹም ከዚሁ ከተማ የሆኑ ቻይናዊ ወይም ቻይናዊት ነው። ተከታዮቹ ስንት እንደ ሆኑ ከመጠየቅ በፊት የት እንደሚኖሩ መጠየቅ ይገባል። አንድ መቶ ሺህ ተከታይ በቼንግዱ ያለው ሰው አዲስ አበባ ላለ ሱቅ አንዲት ኪሎ ላያሸጥ ይችላል። የተከታይ ቁጥር በገንዘብ የሚገዛ መሆኑም የታወቀ ነው፤ ከቁጥሩ ይልቅ በጽሑፎቹ ሥር ሰዎች የሚጠይቁትን ጥያቄና እርሱ የሚሰጠውን መልስ ቻይንኛ በሚያውቅ ሰው ማስነበብ ይሻላል። አስተርጓሚው የነጋዴው እንጂ የሻጩ ወዳጅ ባይሆን ይመረጣል።

ምን ይሸጥ የተባለ እንደ ሆነ፣ በእኛ አስተያየት የቡሬ በርበሬ ቀዳሚ ነው። የሲቿን፣ የሁናንና የጉይጆ ሰዎች ያለ በርበሬ ምግብ የማይጥማቸው በመሆናቸው ከጎጃም ሰው ጋር በዚህ ይስማማሉ። ነገር ግን ቻይናዊው ወጥ ሠሪ የሚፈልገው ከቅመም ጋር የተፈጨውን ሳይሆን፣ ዛላው ያልተሰበረ፣ ቀለሙ የተስተካከለ ደረቅ በርበሬ ነው፤ በዘይት ጠብሶ መዓዛውን ያወጣበታል። በመሬት ላይ የተሰጣና እርጥበት ያገኘው በርበሬ ሻጋታ ይይዛል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ ያስከትላል። በመደብ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ የደረቀውን ለይቶ መግዛትና ማስመርመር የሚኖርበት ራሱ ነጋዴው ነው፤ ተጽዕኖ ፈጣሪው ይህን ሊያስተካክል አይችልም። የእርሱ ድርሻ በርበሬውን በራሱ ማእድ ቤት አብስሎ፣ ቢያቃጥል «አቃጠለኝ»፣ ባያቃጥልም «ለዘብ ያለ ነው» ብሎ መናገር ነው። የተጻፈ ምስጋና እንዲያነብ ማስገደድ እምነቱን ያጠፋል፤ ነጋዴው የሚከፍለው ደግሞ ለዚያው እምነት ነው።

ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ ከጃቢ ጠህናን የሚገኘው ቡና ተቆልቶና በመልካም ከረጢት ታሽጎ ቢቀርብ፣ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው ስጦታ ይሆናል። ማርም እንዲሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ፦ እኛ ማርን «መድኃኒት ነው» ብለን መሸጥ ለምደናል። በቻይና የማስታወቂያ ሕግ ግን ተራ ምግብን በሽታ ያድናል ብሎ ማስታወቅ የተከለከለ ነው፤ «ከሁሉ የላቀ»፣ «አንደኛ» የሚሉትንም ቃላት ሕጉ ይከለክላል። ከሜይ 2023 ጀምሮ ደግሞ ከመግዣ መንገዱ ጋር የሚቀርብ የዕቃ ምስጋና ማስታወቂያ መሆኑ በግልጽ እንዲጻፍበት ታዟል። መድረኮቹ የቻይና ስለሆኑ፣ ደንቡን የተላለፈ ጽሑፍ አዲስ አበባ ቢጻፍም ሊሰረዝ ይችላል።

ውሉ አጭር ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን። ስንት ጊዜ እንደሚቀርብ፣ ሥዕሉ ስንት ወር ሳይነሣ እንደሚቆይ፣ ነጋዴው በሌላ ቦታ ሊጠቀምበት መፍቀዱ፣ የተበላሸ ዕቃ ሲመለስ ወጪውን ማን እንደሚሸከም ይገለጽ። የመመለሱን ነገር አቅልለን እንዳንመለከተው፤ የቻይና ሸማች በ2014 በጸናው ሕግ መሠረት በመረብ የገዛውን አብዛኛውን ዕቃ በ7 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስን ለምዷል። እዚህ የሚኖር ሰው በብር ሊከፈለው ስለሚችል የውጭ ምንዛሪ ችግር አይኖርም፤ ሆኖም የሥራ ፈቃዱ ይህን የሚፈቅድለት መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ።

ወደ ቻይና ራሷ መላክ ከዚህ በኋላ የሚታሰብ ነው። ቻይና ከዲሴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ በማደግ ላይ ላሉት እጅግ ድሆች አገሮች ቀረጥን በሙሉ አንሥታለች። ስለዚህ እንቅፋቱ ቀረጥ አይደለም። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ ያልተቆላ ቡና፣ የንብ ውጤት፣ የምግብ ዘይትና ቅመም የሚያዘጋጁ የውጭ ድርጅቶች በቻይና ጉምሩክ መመዝገብ ግዴታ ሆኖባቸዋል። ሳይመዘገቡ ሻጭ መቅጠር ገንዘብን ውኃ ላይ መጣል ነው። በአገራችንም በ2024 በወጣው መመሪያ ቡናን፣ የቅባት እህልንና ጥራጥሬን መላክ ለውጭ ባለሀብቶች ስለ ተፈቀደ፣ ቻይናዊው ነጋዴ ራሱ ገዝቶ በራሱ ሻጭ ሊያቀርብ ይችላል። በቡሬ ያለው ሰው የሚበልጠው ምርቱ ከማን ማሳ እንደ መጣ በማወቁ ነው፤ ይህንንም በሥዕል ቢያሳይ ይጠቅመዋል።

ሥዕሉ ግን አስቀድሞ ተቀርጾ ይላክ። ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበረና መንገዱም እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው፣ ከቡሬ በቀጥታ እንዲሠራጭ ቃል አይገባም። በርበሬው ተመርምሮና በግማሽ ኪሎ ታሽጎ አዲስ አበባ መጋዘን ሳይገባ የሥርጭቱ ቀን አይቆረጥ፤ ብዛቱም ለሻጩ በቁርጥ ይነገረው፤ ሁለት ኩንታል ብቻ ካለ ሁለት ኩንታል ነው ተብሎ ይታወጅ።