ጣናን የቀየሰው ሰውና እኅቱ

እናቶች! እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ፣ ትንሿ ልጃችሁ «እማዬ፣ ጣና ስፋቱ ስንት ነው? ማን ለካው?» ብላ ጠይቃችሁ ታውቃለች? «ተይ እባክሽ፣ ይልቅ ጫማሽን እንዳታረጥቢ» ብላችሁ አትለፏት። መልስ ያለው ጥያቄ ነው።

የሐይቁን ዳር በእግርና በበቅሎ እየዞሩ፣ ወደ ደሴቶቹም በደንገል ታንኳ እየተሻገሩ ካርታ ካነሡት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ከ1925 እስከ 1934 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። ያን ጊዜ ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ቺዝማን ጣናን ብቻ ሳይሆን ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ የሱዳን ጠረፍ እስኪደርስ የሚሄድበትን በረሃ ሁሉ ተከታትሎ ቀየሰ፤ በ1936ም ስለ ጣናና ስለ ዓባይ መጽሐፍ አሳተመ።

ለምን ደከመ? በዚያ ዘመን ሌሎች የውጭ ሰዎች በወለጋ ወርቅና ፕላቲን ሲፈልጉ፣ የእንግሊዞች ወርቅ የጣና ውኃ ነበር። ለሱዳን የጥጥ እርሻ ማጠጫ እንዲሆናቸው በሐይቁ መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ይመኙ ነበር። በ1925 እንግሊዝና ኢጣሊያ ስለዚሁ ጉዳይ በደብዳቤ ሲስማሙ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1926 ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤቱታቸውን አሰሙ። ስለዚህ ሰውየው የመጣው ለእኛ ብሎ አልነበረም፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ኢጣሊያ አገራችንን ይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ በ1940 ካርቱም ተቀምጦ ሲሠራ፣ የጎጃምን አገር ማወቁ ለአርበኞቹ ትግል ጠቅሟል።

እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ የእኅቱ ታሪክ ነው።

ኤቭሊን ቺዝማን የሮበርት ታናሽ ናት፤ እሱ በ1878፣ እሷ በ1881 በአንድ የእንግሊዝ ገጠር ተወለዱ። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ አውሬና ወፍ፣ ቅጠልና ነፍሳት የሚወዱ ነበሩ። ኤቭሊን የእንስሳት ሐኪም ለመሆን ተመኘች። የለንደን የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ግን ያን ጊዜ ሴት አይቀበልም ነበርና በሩ ተዘጋባት። እሷም የሰው ልጆች እያስተማረች፣ የታመሙ ውሾች እያስታመመች ኖረች። ከ1917 ጀምሮ በለንደን የአራዊት መጠበቂያ የነፍሳትን ክፍል እንድትይዝ ተደረገ። ክፍሉን በኃላፊነት በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከዚያም በ40ዎቹ ዕድሜዋ ጓዟን ሸክፋ ወደ ሩቅ ባሕር ተነሣች! በኒው ጊኒና በፓስፊክ ደሴቶች ጫካ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር ጓደኛ ሳይከተላት፣ ያገሩን ሰዎች ብቻ መንገድ መሪ አድርጋ 70,000 ያህል ነፍሳት ሰበሰበች። በ1969 እስክትሞት ድረስ ሥራዋን አልተወችም።

አንድ ቤት ያደጉ እኅትና ወንድም ናቸው። ታዲያ የኮሌጁ በር በእሷ ላይ ለምን ተዘጋ? የማሰብ ጉድለት አልነበረባትም።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በፈረቃ የምትሠሩ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያልታጠበ ሳሕን፣ ያልተፈጨ በርበሬና የሚያለቅስ ሕፃን ይጠብቋታል፤ ወንድሟ ደግሞ ኳሱን ይዞ ይወጣል። ድካማችሁ አይጠፋኝም፤ እኔም ያደግሁት እንዲሁ ነው። ግን ሳሕኑን እሱም ማጠብ ይችላል። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስለ መሬት አስተዳደርና ቅየሳ ሴቶች ልጆችም ይማራሉ። ኤቭሊን የተከለከለችው ዓይነት በር እዚህ ክፍት ነው።

እንግዲህ ትንሿ ልጃችሁ ጥያቄዋን ከደገመችላችሁ፣ የጣና ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም ቢበዛ 14 ሜትር ያህል መሆኑን ንገሯት፤ ደብተሯ ላይም ትጻፈው።