ለፈጣን አውቶሞቢል የሚስማማ ጎማ በሐርጌሳ

የሐርጌሳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስትሆን፣ የንግድዋ በር የሆነው የበርበራ ወደብ ከርስዋ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በባሕሩ ዳር ይገኛል። በዚህ መንገድ የሚወርድ አውቶሞቢል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነፋሻውን ከፍታ ትቶ፣ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደሚያልፍበት ቆላ ይገባል። በዚህ ሙቀት ላይ ፍጥነት የተጨመረበት እንደ ሆነ፣ መከራውን ሁሉ የሚቀበለው ጎማው ነው።

ከዚህም በቀር በሶማሌላንድ የሚነዳው በቀኝ በኩል ሲሆን፣ ከጃፓን የሚመጡት ብዙዎቹ አውቶሞቢሎች መሪያቸው በቀኝ ነው። ስለዚህ የጭነት መኪና ለመቅደም የሚፈልግ ነጂ ወደ መንገዱ መካከል ካልወጣ በቀር ፊት ለፊት የሚመጣውን አያይም። ያን ጊዜ በፍጥነት ማለፍ ወይም ፍሬን በኃይል መያዝ ግድ ይሆንበታል። አውቶሞቢሉንም ከመሬት ጋር የሚያገናኙት እያንዳንዳቸው መዳፍ በሚያህል ስፍራ የሚረግጡት አራት ጎማዎች ብቻ ናቸው።

እንግዲህ ያለቀውን ጎማ የሚለውጥ ሰው አስቀድሞ በጎኑ የተጻፈውን ያንብብ። ለምሳሌ «225/45 አር 17 91 ደብሊው» የሚል ቢገኝ፣ ስፋቱ 225 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች፣ የሚችለው ጭነት 615 ኪሎ፣ ፍጥነቱም በሰዓት እስከ 270 ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው። «ቪ» የሚለው ፊደል 240፣ «ኤች» ደግሞ 210 ያመለክታል። በበርበራ መንገድ በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ የለም ተብሎ ፊደሉ ሊናቅ አይገባም። ፊደሉ የመሮጥ ፈቃድ ሳይሆን፣ ጎማው በፍጥነት የሚወለደውን ሙቀት ለመቻሉ ምስክር ነውና። ስለዚህ የአውቶሞቢሉ ፋብሪካ ካዘዘው በታች መግዛት አይገባም።

ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ለመሪው ፈጥኖ የሚታዘዝ ከመሆኑም በላይ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን ከአስፋልቱ ወርዶ በድንጋያማ መንገድ የሚሄድ ሰው ጉድጓድ ሲያገኘው ጎማው ይቀደዳል፣ ቸርኬውም ይጣመማል። ከላይ በተጠቀሰው ስፍራ «205/55 አር 16» የተተካ እንደ ሆነ፣ የጎኑ ቁመት ከ101 ወደ 113 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የመላው ጎማ ቁመት ግን የሚለየው በ2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፋብሪካው ይህን መጠን የፈቀደና አነስተኛው ቸርኬ ፍሬኑን የማይነካ ከሆነ፣ ለሐርጌሳ ሰው ይህ ይሻላል።

ሦስተኛው ነገር ዕድሜ ነው። በጎማው ጎን ያለው ባለ አራት አኃዝ ቍጥር የተሠራበትን ጊዜ ይገልጣል፤ 2319 ቢል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፤ ላስቲኩ ከአየርና ከፀሐይ የተነሣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢያምር እንኳ እንዲጣል ታላላቅ ፋብሪካዎች ይመክራሉ። እንደዚሁም የበረዶ ምልክት ያለበት ጎማ ለብርድ አገር የተሠራ ለስላሳ ላስቲክ ስለ ሆነ፣ በቆላ አስፋልት ላይ ፈጥኖ ያልቃል፣ ፍሬንም በሚገባ አይዝም።

በመጨረሻም የጎማ ነፋስ የሚለካው በማለዳ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በርበራ ደርሶ ነፋሱ በዛ በማለት የሚያስተነፍስ ነጂ ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ነፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ይበልጥ ይግላልና፣ በመመለሻው ሊፈነዳ ይችላል።

ያረጀ ጎማ በርካሽ ገዝቶ የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉ የአንድ ቀን ነው፤ የሚያጠፋው ግን ደንበኛውን ነው። በወደብና በመንገድ ላይ የተሾመ ሹምም አራቱን አኃዝ ለማንበብ ከዓይኑ በቀር ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ገዢውም ቢሆን፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደሚባለው፣ የጎማውን መልክ ከማድነቁ በፊት ጽሕፈቱን ያንብብ።