የሐኮኔ ምስጢር ሣጥንና የዮኮሐማ መጠጥ

በጃፓን አገር፥ ሐኮኔ በሚባለው ተራራማ ሥፍራ፥ «ሂሚትሱ ባኮ»፥ ማለት ምስጢር ሣጥን፥ የሚባል የእንጨት ሥራ አለ። ቁልፍ የለውም፤ የሚከፈተውም በጎኑ ያሉት ስስ ሳንቃዎች በተወሰነ ተራ ጥቂት ሚሊሜትር ሲንሸራተቱ ነው። አንዳንዱ 4 ጊዜ፥ አንዳንዱም 72 ጊዜ መነካካትን ይጠይቃል። በላዩ ያለው ጌጥ ቀለም አይደለም፤ በተፈጥሮ መልካቸው የሚለያዩ እንጨቶች በሙጫ ተጣብቀው እንደ አንድ ግንድ ከሆኑ በኋላ በመላጊያ ይላጋሉ፤ እንደ ወረቀት የሳሳው ልጣጭ በሣጥኑ ላይ ይለጠፋል።

ሐኮኔ የፍል ውሃ አገር እንደ መሆኗ፥ ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1878 ፉጂያ ሆቴል ከተከፈተ ወዲህ፥ የውጭ አገር መንገደኞች ይመላለሱባት ነበር። መንገደኞቹ ከመርከብ በሚወርዱባት በዮኮሐማ ደግሞ ሉዊስ ኤፒንገር የተባለ የሆቴል ሰው ከ1890 ወዲህ ባሉት ዓመታት «ባምቡ» የተባለውን ኮክቴል፥ ይኸውም ሼሪና ደረቅ ቬርሙት ከጥቂት መራራ ጠብታ ጋር ተቀላቅሎ፥ እንዳስለመደ ይነገራል።

ለመንገደኛ የተሠራ ነገር ባህል አይባልም የሚሉ ባልንጀሮች አሉን። እኛ ግን አንስማማም፤ የገዢው እንግድነት የሠሪውን እጅ እንግዳ አያደርገውምና። ስለዚህ ሣጥንና ኮክቴልን አጣምሮ ለሚያቀርብ ሰው እነዚህን ሁለት የአንድ መንገድ ልጆች እንመርጥለታለን። የባምቡ መሠረቱ ወይን ጠጅ እንጂ አረቄ ስላልሆነ፥ በልክ ለጠጣው ጣትን ቶሎ አያሳስትም። ነገር ግን ቀዝቃዛ ብርጭቆ ያልበዋልና ሣጥኑ አስቀድሞ ይቅረብ፤ እርጥበት የነካው እንጨት አብጦ ሳንቃው አልንሸራተት ይላል።